የሆግሪግ ፉጨት

ዳንድ ቴልፈር መሞታቸውን ኔታ የሰማችው ጉረኖ ውስጥ ተንበርክካ የበግ ሰኮና ስትከረክም ነው። አሠሪዋ ሮብሰን ከመኪናው ወርዶ መጣና የጉረኖውን በር ሳይከፍት ከውጭ ቆመ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። ሮብሰን ኮፍያውን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያን ሲገባና ማዕድ ሲቀርብ ብቻ ነበር።

«ዳንድ ሄደ» አላት።

«የት?» አለች። ሽማግሌው ከሆግሪግ ተራራ ወርደው ከገበያ አልፈው ሄደው ስለማያውቁ ጥያቄዋ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

ሮብሰን ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ ጠዋት። ገንፎውን በልቶ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። ሚስቱ ኢና ከጓዳ ስትመለስ ነው ያገኘችው።»

ኔታ ጉልበቷ ላይ ያስተኛቻት በግ ሦስቱ እግሯ ተከርክሞ አንዱ ቀርቷት ነበር። «ሦስት እግሯ የተከረከመ በግ አንካሳ በግ ናት፤ ካልጨረስሽ አትጀምሪ» ይሉ ነበር ዳንድ። ኔታ አራተኛውን ጨረሰች። በጓን ለቀቀቻት። ሰንጢዋን በሱሪዋ ጠርጋ አጠፈችና ከዚያ በኋላ ተነሳች።

«ሰኞ ልንጀምር ነበር» አለች።

ሮብሰን ምኑን ብሎ አልጠየቀም። ኮፍያውን እንደያዘ ወደ መኪናው ተመለሰ። ጄድ፣ ጥቁርና ነጯ ውሻ፣ በሩ ሥር እንደተኛች በዓይኗ ብቻ ሸኘችው።

በቼቪዮት ተራሮች እረኛ ከስሙ ይልቅ በሚጠብቀው ተራራ ይጠራል። ገበያ ላይ አንዱ «ሆግሪግ መጣ» ቢል ሽማግሌው መጡ ማለቱ ነው እንጂ ተራራው እግር አውጥቶ መጣ ማለቱ አይደለም። ዳንድ የተወለዱት እዚያው ነው። አባታቸውም ሆግሪግ ነበሩ። ልጁ የአባቱን ከዘራ፣ የአባቱን ስምና የአባቱን ፉጨት አንድ ላይ ወረሰ።

ስለ ፉጨታቸው ብዙ ይባል ነበር። በጎረምሳነታቸው አንድ አውራ በግ ፊታቸውን ወግቶ ሁለት የፊት ጥርሳቸውን ወስዶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ትንፋሻቸው በዚያ ክፍተት ሲወጣ ነፋስ የማይበትነው፣ ጭጋግ የማያፍነው ድምፅ ሆነ። «ጥርሱን የወሰደው በግ ፉጨቱን ከፍሎ ነው የሄደው» ይላሉ ጎረቤቶቻቸው። እሳቸው ግን በዚህ አይኩራሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ጎትቷቸው የውሾች ውድድር ላይ ቀርበው ሁለተኛ ወጡ። ሽልማቱ የሻይ ጀበና ነበር። «ውሻዬ ግሌን ሻይ አይጠጣም» ብለው ለሚስታቸው ሰጧት። ኢና እስከ ዛሬ የዶሮ እንቁላል ታስቀምጥበታለች።

ውሻ ላይ ጮኸው አያውቁም። ሲናደዱ ከዘራቸውን አንስተው ቤታቸው ይገባሉ። «ዛሬ የታመምኩት እኔ ነኝ፤ ውሻው ምን አጠፋ» ይላሉ። ሌላው እረኛ ውሻውን ሲረግም ሰምተው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ግን ከስድብ የባሰ ያሸማቅቃል።

ኔታ ተራራ ላይ አልተወለደችም። ከታች፣ የሱፍ ፋብሪካ ካለበት ከተማ ነው ዊል አግብቶ ያመጣት። ዊል ዌዘርሎን ይጠብቅ ነበር። ዌዘርሎ ከሆግሪግ ጋር ፊት ለፊት የሚተያይ ተራራ ሲሆን በመካከላቸው አንድ ጅረት ብቻ አለ። ካለፈው በፊት በነበረው የበረዶ ወራት ዊል ደረቱን ታመመ። ሐኪሙ መንገዱ ተከፍቶለት እስኪደርስ ድረስ አልቆየም። ውሻው ሮይ ከቀብሩ በኋላ ደጃፉ ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተኛ። ኔታ ብትጠራው ጭራውን ለትህትና ያህል አንድ ጊዜ ይመታል እንጂ አይነሳም ነበር።

በዚያ አገር ቤቱ የተራራው ነው። ተራራውን የያዘ ቤቱን ይይዛል፤ ተራራውን የለቀቀ ቤቱንም ይለቃል። ሮብሰን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን መጣ።

«ኔታ፣ አንቺን ማስወጣት አይደለም ሐሳቤ። በጎቹ ግን ሰው ይፈልጋሉ።»

«ታዲያ እኔ ሰው አይደለሁም?»

«ውሻ ያለው ሰው ማለቴ ነው።»

ኔታ ደጃፉ ላይ የተኛውን ሮይን አየች። ሮብሰንም ፊቷን አይቶ እስከ መኸሩ ማውረጃ ድረስ ጊዜ ሰጣት። ማውረጃ ማለት እረኞቹ ሁሉ በአንድ ጠዋት ከየተራራቸው መንጋቸውን ሰብስበው ከጅረቱ በታች ወዳለው ትልቅ ጉረኖ የሚያወርዱበት ቀን ነው። ያን ቀን ዌዘርሎን ካወረደች ትቀመጣለች፤ ካላወረደች ሌላ እረኛ ይገባል።

ይህ በተነገራት ሳምንት ዳንድ ጅረቱን ተሻግረው መጡ። በገመድ ያሰሯት አንዲት ቀጭን ውሻ ከኋላቸው ትጎተታለች። ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ከዳንድ በረት ውጭ ዓለም አይታ አታውቅም።

«ይህችን ያዢልኝ» አሉ።

«አቶ ቴልፈር፣ እኔ እኮ ውሻ ማሠልጠን አላውቅም።»

«እሷም መሠልጠን አታውቅም። እኩል ናችሁ። ደግሞ አቶ ይባሉ የነበሩት አባቴ ናቸው። ዳንድ በይኝ።»

ዳንድ አለቻቸው፤ አንተ ማለት ግን እስከ መጨረሻው አልሆነላትም።

ትምህርቱ የተጀመረው ከቤቱ ጀርባ ባለው ትንሽ መስክ ነው። ዳንድ ውሻ አይተው የማይደነግጡ፣ ዕድሜ የጠገቡ ጥቂት በጎች ይዘው መጡ። «እነዚህ መምህራን ናቸው። ብዙ ውሻ አስመርቀዋል» አሉ። ከዚያ የድንጋዩ ካብ ላይ ወጥተው ተቀመጡና ፒፓቸውን ለኮሱ። ጄድ ገመዷ ሲፈታ እንደ ጥይት ተወርውራ በበጎቹ መሀል ሰንጥቃ አለፈች። መምህራኑ ተበተኑ።

«ተኚ! ተኚ! አንቺ ውሻ፣ ተኚ!» ኔታ እየጮኸች ስትሮጥ አዳልጧት ጭቃው ውስጥ በደረቷ ወደቀች።

ዳንድ ሳቃቸውን ለመዋጥ ከፒፓቸው ጋር ታገሉ። «ተራራው ሁሉ ሰምቶ ተኝቶልሻል። አንቺም ተኝተሻል። የቀረችው ውሻዋ ብቻ ናት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ተነሺ። ከዚያ ዝም በይ።»

ዝም ማለት ነበር የመጀመሪያው ትምህርት፤ ረጅሙም እሱ ነበር። ዳንድ ከካቡ ወርደው አሳዩዋት። ውሻዋ ከበጎቹ ወዲያ ትሆናለች፣ ሰው ከወዲህ፣ በጎቹ መሀል። ሰው አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሲል ውሻዋ ፊቱን ላለማጣት ከወዲያ ማዶ ትዞራለች። ማንም አላስተማራትም፤ እናቷም አያቷም እንዲህ ነበሩ። የሰው ሥራ ይህን ማየት ነው። «አንቺ የምታስተምሪያት መዞር አይደለም። እሷ ስትዞር ስሙን ትነግሪያታለሽ። ልጅ እንኳ ወተቱን ጠጥቶ ነው ወተት ማለትን የሚማረው።»

ሌላም ነገር ነበራቸው። «አንዴ ንገሪያት። ሁለቴ ከነገርሻት ሦስተኛውን ትጠብቃለች።» ኔታ ይህን ለመልመድ ምላሷን እየነከሰች ብዙ ጠዋት አሳለፈች። ትእዛዙን ትሰጣለች፤ ጄድ ታመነታለች፤ የኔታ አፍ ሊደግመው ይከፈታል፤ ካቡ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ አፏ ይዘጋል። ከዚያ ጄድ ቀስ ብላ ትተኛለች። እንዲህ የሆነ ዕለት ኔታ እራቷን ቆማ ነበር የምትበላው። መቀመጥ ያቅታት ነበር፤ ከደስታ።

ተራራ ላይ ድምፅ ሩቅ አይሄድም፤ ለዚህ ፉጨት ያስፈልጋል። ዳንድ «የራስሽን ፉጨት አውጪ» ብለዋት ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም። እዚያ የተወለደ ሰው ምክንያቱን ከእናቱ ጡት ጋር ስለሚጠባው፣ አለማወቅ እንዳለ እንኳ ትዝ አላላቸውም። ከዚያ ዳሌያቸው ታመመና እስከ ማውረጃው ድረስ ጅረቱን መሻገር ተሳናቸው።

ኔታ ብቻዋን ቀረች። ከንፈሯ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ሞከረች፤ የሚወጣው የድስት ትንፋሽ ነበር። ጄድ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታያታለች እንጂ አትንቀሳቀስም። አንድ ቀን ግን በላም በረት ውስጥ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ አስገብታ ሳታስበው የዳንድን የግራ ፉጨት አወጣችው። ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፤ መጨረሻው ወደ ታች ይወድቃል። ጄድ ደጅ ተኝታ ነበር። ተስፈንጥራ ተነስታ በግራ በኩል በረቱን ዞረችው። ከተወለደች ጀምሮ የምትሰማው ይህን ነበርና።

ኔታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ቁልፉን ያገኘች መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ፉጨት አልሞከረችም። ከንፈሯ እስኪላላጥ የሽማግሌውን ፉጨት አንድ በአንድ አጠናች፤ የቀኙን፣ የግራውን፣ የመተኛውን፣ የመምጫውን። ጄድም እንደ ውኃ ታዘዘቻት። በማውረጃው ቀን ዳንድ ሰምተው እንዲደነቁ ብላ፣ ከማዶ እንዳይሰማ ከተራራው ጀርባ ትለማመድ ነበር፤ ለማንም አልነገረችም።

ማውረጃው ብሩህ ቀን ላይ ዋለ። እረኞቹ ከየተራራቸው ጫፍ ጀመሩ። ኔታ ጄድን በቀኝ ሰደደቻት። ውሻዋ ሰፊ ቀስት ሠርታ ወጣችና ከመንጋው ኋላ ብቅ አለች። በጎቹ በመንገዳቸው ተሰልፈው መውረድ ጀመሩ። ሮብሰን ከታች ከዘራውን ተደግፎ ወደ ዌዘርሎ ሲያይ ኔታ አየችው። እግሯ ምድር አልነካም።

በዚያው ሰዓት ከጅረቱ ማዶ ዳንድ ለግሌን አፏጩ። ሁለት ጊዜ ከፍ፣ መጨረሻው ወደ ታች።

ጄድ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ የኔታን መንጋ ትታ በግራ ዞረች። ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ጅረቱን ዘላ፣ የሆግሪግን በጎች በጎናቸው መታቻቸው። በጎቹ በድንጋጤ ወደ ውኃው ሸሹ። ከዚህ ማዶ ደግሞ ነጂ ያጡት የዌዘርሎ በጎች ተንደርድረው ወረዱ። ትከሻቸው ላይ ቀይ የተቀቡትና ዳሌያቸው ላይ ሰማያዊ የተቀቡት ጅረቱ መሀል ተደባለቁ።

ኔታ አፏጨች። የእሷን ፉጨት የሰማው ግሌን ደግሞ ግራ ገብቶት ባለበት ተሽከረከረ።

አዳም ኒክሰን የሚባለው እረኛ ከላይ ተራራ ሆኖ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ኔታ! በጎችሽን ለሆግሪግ ዳርሻቸው እንዴ? ጥሎሹስ የታለ?»

ሳቁ ከተራራ ተራራ ተቀባበለ። ሮብሰን አልሳቀም፤ መሬት መሬት አየ። ኔታ ምን እንደሠራች ያኔ ገባት። ፊት ለፊት የሚተያዩ እረኞች አንድ ፉጨት አይጋሩም፤ ይህን የሚከለክል ሕግ የሌለው ስላላስፈለገ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያደርግ ሰው ከዚያ በፊት አልተገኘም። ቤቷን ጅረቱ ሲወስደው የቆመችበት ቦታ ሆና አየች።

ዳንድ ከማዶ አዩዋት። ጣታቸውን ከአፋቸው አወጡና በኮታቸው ጠረጉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

በዚያን ቀን ሌላ አላፏጩም። ለግሌን በኮፍያቸው ምልክት ሰጡት፤ ኮፍያው በማይታይበት ቦታ ራሳቸው ሄዱ። ያ የታመመ ዳሌ፣ ከዘራውን ተክሎ፣ ገደሉን በአግድም፣ ፈርን የሚባለውን ረጅም ቅጠላ ቅጠል በደረት እየገፋ ዞረ። አገር የሚያውቀው ፉጨት ዝም አለ፤ የአንዲት ከተሜ ሴት ቅጂ ብቻውን በሸለቆው ውስጥ እንዲሰማ። ኔታ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ጄድ ጆሮዋን ወደ እሷ ብቻ እንዳቀናች አየችና አፏጨች። ጄድ ተኛች። እንደገና አፏጨች። ጄድ ጅረቱን ተሻግራ ተመለሰች። ቀዩም ሰማያዊውም ባንድ ላይ ሆነው ከሁሉ ኋላ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ጉረኖው ገቡ። የአንዱን ከሌላው መለየት ሌላ ግማሽ ቀን ፈጀ። በየምልክታቸው የለዩት ኔታና ዳንድ ራሳቸው ናቸው።

ሮብሰን የጉረኖውን በር ዘጋና «ወርደዋል» አለ። «እንዴት እንደወረዱ አልጠይቅም። እስከ ሌላው መኸር እንይ።»

ኔታ ወደ ሽማግሌው ሄደች። ካቡ ላይ ተቀምጠው ዳሌያቸውን በቡጢ ይመቱ ነበር።

«ዳንድ፣ ይቅር ይበሉኝ። ነገ እለውጠዋለሁ። ሌላ አስተምራታለሁ።»

«አታደርጊውም። አሁን ከለወጥሽባት ትበላሻለች። ገና እንጭጭ ናት፤ የሰው ቃል የሚለዋወጥ ነው ብላ ታድጋለች።»

«ታዲያ ሁለታችንም ባንድ ፉጨት...»

«ግሌን ይለውጣል። እሱ አዋቂ ነው፤ ሞኝነቴን ይችለዋል።»

«የአባትዎን ፉጨት?»

«አባቴ ሞተዋል፤ ፉጨት አያስፈልጋቸውም። አንቺ ቤት ያስፈልግሻል።»

በዚያ የበረዶ ወራት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ከአሮጌ ውሻቸው ጋር እንደ ጀማሪ ትንሹ መስክ ላይ ታዩ። አዲስ ፉጨት አወጡ፤ ሦስት አጫጭር፣ እንደ ወፍ። አስቀያሚ ነበር። እነአዳም «ሆግሪግ ድንቢጥ ሆነ» እያሉ ሳቁባቸው። «ድንቢጥ ሰው ቤት ጣሪያ ሥር ነው የምትኖረው፤ ብልህ ናት» አሉ ዳንድ፤ ደግመውም አልመለሱላቸውም። ኔታ ከማዶ ትሰማቸው ነበር። ግሌን ሲሳሳት ድምፅ የለም። ከዘራቸውን አንስተው ሲገቡ ብቻ ታያለች፤ በነጋታው ደግሞ ያው ሦስት አጫጭር ፉጨት።

የዳንድ አባቶች የኖሩበት ፉጨት እንዲህ አድርጎ ጅረቱን ተሻገረ። አሁን የዌዘርሎ ነው።

ለጄድ አንድ ትምህርት ቀርቷት ነበር። ውሻ መንጋውን ይዛ ስትወርድ ከኋላ የቀሩ በጎች ካሉ፣ በእጇ ያሉትን ትታ ተመልሳ እንድትፈልግ ትታዘዛለች። ከባዱ ትምህርት ይህ ነው። ኔታ ቶሎ እንዲያስተምሯት ብዙ ጊዜ ጠየቀች። ዳንድ እምቢ አሉ። «የያዘችውን መያዝ ያልጠገበች ውሻ ጥለሽ ተመለሺ አትባልም። ከተባለች ሁሉንም መጣል ትለምዳለች። ትጥገብ።» በዚህ መኸር መጀመሪያ ጄድን ቆመው አዩዋት፤ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ጠግባለች። ሰኞ እንጀምራለን» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሞቱ።

ቀብራቸው ላይ እረኞቹ ውሾቻቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አስተኝተው ገቡ። አንድም አልጮኸም። ሲወጡ አዳም ኒክሰን ከኔታ አጠገብ ሄደ። «ድንቢጥ ያልኩት ለጨዋታ ነበር» አላት። «ያውቁ ነበር» አለችው። ግሌን ከኢና ጋር ቀረ። ሦስቱን አጫጭር ፉጨት የሚያውቅ ከእሱ በቀር የለም።

ማውረጃው በሳምንቱ ደረሰ። ሆግሪግ እረኛ ስላልነበረው የተራራውን ወገብ አዳም ያዘ። ኔታ ዌዘርሎን በጠዋት አውርዳ ጨረሰችና ጅረቱን ተሻግራ የሆግሪግን አናት ያዘች። እዚያ ቆማ ጣቷን አፏ ውስጥ አስገባች፤ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አፏጨች። ፉጨቱ ወደ ተወለደበት ተራራ ወጣ። ጄድ በሰፊው ዞራ መንጋውን ሰበሰበች፤ በጎቹ ሳይሮጡ፣ ሳይበተኑ ወረዱ።

የታችኛው ካብ ጋ ሲደርሱ ኔታ ወደ ኋላ ዞረች። ፈርኑ ጥግ፣ ከአናቱ በታች ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ጥቂት በጎች ቀርተዋል።

«ጄድ፣ ተመለሺ» አለቻት፤ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ።

ጄድ እጇን አየች። የያዘችውን መንጋ አየች። ከዚያ እንደተማረችው መንጋውን እንዳትለቅ ተኛች።

ኔታ አልደገመችም። በአጠገቧ ስታልፍ ራሷን ደባበሰቻትና መንጋውን ይዘው ወረዱ።

ሮብሰን በሩን ዘጋ። ወደ ተራራው ቀና ብሎ የቀሩትን አየ። «ለሆግሪግ ሰው እፈልጋለሁ» አላት። «ዌዘርሎን ግን ከእንግዲህ በየመኸሩ አልጠይቅሽም። ያንቺ ነው።»

«እሺ» አለች ኔታ። «እነዚያን ነገ በእግሬ ሄጄ አወርዳቸዋለሁ።»

በጎቹ ሆግሪግ ላይ አደሩ። ጄድ ተመልሶ መሄድን ገና አልተማረችም።